ውሃው ተሳስቷል

ሐዋሳ ውስጥ የትምህርት ዓመቱ ሊገባደድ ሲል እሳተ ገሞራ ይፈነዳል። የሚፈነዳው በየግል ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በሳይንስ ትርኢት ቀን፣ ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው ከተሰለፉ በኋላ ነው። ተራራው ከአሮጌ ጋዜጣና ከኮላ ይሠራል፤ ሆዱ ውስጥ አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ተቀብሯል፤ ሃይላንዱ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ አለ። ልጁ ቀይ የምግብ ቀለም የገባበት አቼቶ ያፈስበታል። ተራራው ይገነፍላል፣ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፣ ዳኞች ራሳቸውን እየነቀነቁ ነጥብ ይሞላሉ። አንደኛ የወጣው ልጅ እናት ጣቷ ላይ የደረቀውን ኮላ እየላጠች ከዋንጫው ጋር ፎቶ ትነሣለች።

ማን እንደሠራው ማንም አይጠይቅም፤ ሥራው ራሱ ይናገራል። አባቱ መሐንዲስ የሆነ ልጅ ተራራ በውስጡ የፌሮ አጥንት አለው። እናቱ ኬክ ቤት ያላት ልጅ ተራራ ደግሞ አናቱ ላይ ነጭ በረዶ ደፍቷል። የትኛው የኢትዮጵያ እሳተ ገሞራ ነው በረዶ የደፋው ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የለም፤ ሥዕሉ ከኢንተርኔት ሲወርድ በረዶውም አብሮ ወርዷል። ልጁ በበኩሉ ማብራሪያውን በቃሉ ሸምድዷል። «ይህ የእኔ ፕሮጀክት ነው» ብሎ ይጀምራል፤ መሐል ላይ ጥያቄ ጠይቀው ካቋረጡት መልሱን ትቶ እንደገና ከ«ይህ የእኔ ፕሮጀክት ነው» ይነሣል።

የሚያስቀው ግን አዳራሹ የቆመበት መሬት ነው። ሐዋሳ ከነሐይቋ የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ከሰመጠ በኋላ በቀረው ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። የመሬት አጥኚዎች ካልዴራ ይሉታል፤ ዕድሜው ከሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ ኮርቤቲ አለ፤ ከ180 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳ፣ ዛሬም በስንጥቁ እንፋሎት የሚተነፍስ፣ ለኤሌክትሪክ ሲባል ጉድጓድ ለመቆፈር የታሰበበት። የከተማዋ ተራሮች፣ ታቦርም አላሙራም፣ የእሳት ሥራ ናቸው። እንግዲህ ልጆቻችን እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ቁጭ ብለው እሳተ ገሞራ በአቼቶ ይሠራሉ። ኮርቤቲ ድረስ ለመሄድ አውቶቡስ፣ የወላጅ ፈቃድ፣ የውሎ አበልና የደብዳቤ ቁጥር ያስፈልጋል። አቼቶ ግን ከሱቅ ይገኛል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም ነበር። ብሎኬት ማምረቻው ደጅ የተቆለለው ፑሚስ ከዚያው እሳት የወጣ ነው። ሲወጣ በጋዝ ተሞልቶ ስለነበር ውስጡ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ድንጋይ ሆኖ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ተማሪው ያንን ክምር በባጃጅ አልፎ ክፍል ይገባና «ድንጋይ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል» ብሎ ይጽፋል። ማታ እናቱ በዚያው ድንጋይ ተረከዟን ትፍቃለች፤ ድንጋዩም ከእጇ ሲያመልጣት በሳፋው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ልጁ ያየዋል። ግን ያ ፈተና ላይ አይመጣም።

መንግሥት ትምህርት ቤት ስንገባ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከጽሑፉ በታች ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ማይክሮስኮፑን የተረከቡት በሞዴል 19 ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በሞዴል 19 የገባ ዕቃ በሞዴል 22 ካልሆነ አይወጣም፤ በሞዴል 22 የወጣ ዕቃ ቢሰበር ደግሞ ዕዳው የፈረመው ሰው ደሞዝ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ማይክሮስኮፑ ከነላስቲኩ፣ ከነካርቶኑ፣ ከነዋስትና ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። «አዲስ ነው» ይላሉ ጋሼ በኩራት፣ ከስንት ዓመት በኋላም። እውነታቸውን ነው። አንድም የልጅ ዓይን አላረፈበትም።

የሚወጣበት ቀን የለም ማለት ግን አይደለም። ከላይ ሱፐርቪዥን ሲመጣ ይወጣል። የዚያን ቀን ቤተ ሙከራው ይወለወላል፤ ነጭ ጋውን ከየትም ይለመናል፤ ንጹሕ ዩኒፎርም ያላቸው ልጆች ከየክፍሉ ተመርጠው ይሰለፋሉ። አንዱ ልጅ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ይደቅናል። መስተዋቱ ወደ መስኮቱ አልዞረም፤ መስታወት ላይ የተዘጋጀ ናሙናም አልገባም። ልጁ የሚያየው ጨለማና የራሱን ሽፋሽፍት ነው።

«አየህ?»

«አየሁ ቲቸር።»

«ምን አየህ?»

«ሴል።»

ሌላ ምን ይበል? ሱፐርቫይዘሮቹ ፎቶ ያነሣሉ፤ ፎቶው በትምህርት ቤቱ ፌስቡክ ገጽ ላይ «ትምህርት በተግባር» ተብሎ ይወጣል፤ ማይክሮስኮፑ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል፤ ጋሼም ቆጥረው ይረከባሉ።

መምህሩን ብቻ ማማት ግን ግፍ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባም ሰማንያም ልጅ ታጭቆ፣ አርባ ደቂቃ ውስጥ ስም ተጠርቶ፣ ጥቁር ሰሌዳ ተጠርጎ፣ የቤት ሥራ ታርሞ፣ በተረፈው ሠርቶ ማሳያ ይካሄድ ቢባል ከሦስተኛው ዴስክ ወዲያ ያለው ልጅ የሚያየው የጓደኞቹን ማጅራት ነው። በዚያ ላይ በ2015 ዓ.ም ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተጠቅልለው አጠቃላይ ሳይንስ ሆነዋል። ባዮሎጂ ተምሮ የመጣው መምህር ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ያስተምራል፤ አምፖሉ ሲበራ ከተማሪው እኩል ይደነግጣል።

«ዕቃ የለም» የሚለውን ሰበብ ግን በግማሹ ነው የምቀበለው። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የፔዳጎጂ ማዕከል ተቋቁሞ መምህራን ከቆርቆሮ፣ ከክርና ከቀርከሃ መርጃ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ሐሳቡ የእኛ ብቻም አልነበረም፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው የሳይንስ መምህራን መጽሐፍ መነሻው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትምህርት ቤታቸው ለፈረሰባቸው አገሮች መምህራን የተዘጋጀ ምክር ነበር። ቤተ ሙከራ የሌለው ሰው በጣሳና በጠርሙስ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚያሳይ ነው።

የፔዳጎጂ ማዕከሎቻችን ዛሬም በየትምህርት ቤቱ አሉ። በውስጣቸው በዋናነት የምናገኘው በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተሳለ ሥዕል ነው፤ ልብ፣ ጆሮ፣ የአበባ ክፍሎች። አንዱ ጋ የኩላሊት ሥዕል አየሁ፤ ቆንጆ ሥዕል ነው፣ ቀስቶቹ ሳይቀሩ በሁለት ቀለም ተሠርተዋል። የከረጢቱን ጠርዝ ገለጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ «ዩሪያ፣ 46% ናይትሮጅን» ይላል። ኩላሊት ከደም አጣርቶ በሽንት ከሚያስወግደው ቆሻሻ ዋነኛው ዩሪያ መሆኑን መምህሩ በዚያው ሥዕል ፊት ቆሞ ያስተምራል። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ነገርና ልጁ ሽንት ቤት የሚያስወግደው ነገር አንድ መሆኑ፣ ከአንድ ከረጢት ግራና ቀኝ ተጽፎ፣ ግድግዳ ላይ ለዓመታት ተለጥፎ ኖሯል። ከረጢቱ እንዳይገለበጥ በአራት ሚስማር ተመትቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ደብተሩ ልግባ። የሙከራ ሪፖርት ሥርዓት አለው፦ ዓላማ፣ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፣ አሠራር፣ ምልከታ፣ መደምደሚያ። ይሄ ሥርዓት በየትኛውም ዓለም አለ። የእኛ የሚለየው አምስቱም በአንድ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፋቸው ነው። ክብሪቱ ሳይጫር ምልከታው ተጽፎ አልቋል። ተማሪው ቀድሞ ያየውን ከገለበጠ በኋላ፣ ጊዜ ከተረፈ፣ ለማየት ይሞክራል።

የሻማውን ሙከራ ያልገለበጠ ኢትዮጵያዊ የለም። ሻማ ሳህን ላይ ይተከላል፤ ሳህኑ ውስጥ ውሃ ይፈሳል፤ በሻማው ላይ ብርጭቆ ይደፋል። ሻማው ይጠፋል፤ ውሃው ወደ ብርጭቆው ይወጣል። መደምደሚያ፦ ሻማው ኦክስጅኑን በላው፤ ኦክስጅን የአየር አንድ አምስተኛ ስለሆነ ውሃው አንድ አምስተኛውን ቦታ ያዘ። ያምራል። ችግሩ ልክ አለመሆኑ ብቻ ነው።

ዓይኑን የጣለ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ብርጭቆው ሲደፋ በጠርዙ በኩል አረፋ ይወጣል፤ የሞቀ አየር ሰፍቶ እያመለጠ ነው። ሻማው እየነደደ እያለ ውሃው ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ሽቅብ የሚሮጠው ከጠፋ በኋላ ነው፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና። በአንድ ሻማ ፈንታ ሦስት ብትተክሉ ውሃው ይበልጥ ይወጣል፤ ኦክስጅኑ ግን ሦስት እጥፍ አልሆነም። ሻማውም ቢሆን የሚጠፋው ኦክስጅኑ ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ ነው። ይህን ሁሉ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ በመብራት መቋረጫ ሰዓት ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊደርስበት ይችላል፤ ሻማ እንደሆነ መብራት ኃይል አያሳጣን። አንዱ ልጅም ደርሶበት ነበር። «ቲቸር፣ ውሃው እኮ ከጠፋ በኋላ ነው የሚገባው» አለ። የተሰጠው መልስ «አንተ ልጅ ክፍል አትረብሽ» የሚል ነው።

በነገራችን ላይ፣ በ1997 ዓ.ም ገደማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲገባላቸው ይህ ሁሉ ተቃለለ ተብሎ ነበር። ሙከራው ውጭ አገር ተቀርጾ፣ በሳተላይት መጥቶ፣ በእንግሊዝኛ ይቀርብ ነበር። ፕላዝማ ላይ ሙከራ ከሽፎ አያውቅም። ብርጭቆ አይሰበርም፣ ቀለሙ በሰዓቱ ይለወጣል፣ የምታስተምረው ሴት ጥያቄ ጠይቃ ጥቂት ሰኮንድ ትጠብቅና መልሳችንን የሰማች ይመስል «በጣም ጥሩ» ትላለች። መብራት ሲሄድ ደግሞ ኬሚስትሪ አብሮ ይሄዳል። የዚያ ዘመን ልጆች ዛሬ መምህራን ሆነዋል። ሙከራ ማለት ሁልጊዜ የሚሳካ ነገር ነው ብለው ቢያምኑ ምን ይፈረድባቸዋል?

ለዚህ ነው ውሃ ያፈላውን ወጣት መምህር የማልረሳው። ስሙንም ትምህርት ቤቱንም አላነሣም። ዕቃ የለም ብሎ አልተቀመጠም፤ ድስትና የኤሌክትሪክ ምድጃ ከቤቱ ይዞ መጣ። ቴርሞሜትሩን በክር አሥሮ ድስቱ ላይ ከተጋደመ ማማሰያ አንጠለጠለው። ልጆቹን በየተራ እያስጠጋ አስነበባቸው። አርባ፣ ስድሳ፣ ሰማንያ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቆጥራል። ዘጠና ሲሞላ ከኋላ ያሉት ዴስክ ላይ ወጡ። ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና አራት።

እዚያ ላይ ቀጥ አለ። ውሃው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፍኗል፣ ቀዩ መስመር ግን ንቅንቅ አይልም።

«ቲቸር፣ ይጨመር?»

ተጨመረ። ውሃው ይበልጥ ተንተከተከ፤ ቴርሞሜትሩ እዚያው ነው። (እዚህ ላይ ሁለት ታላላቅ ነገሮች በአንድ ድስት ውስጥ ተገልጠው ነበር፤ የሚፈላ ውሃ እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ እንደማይጨምር አንዱ ነው፤ ሁለተኛውን እንደርስበታለን። ማንም ልብ አላለውም፤ ሁሉም የጠፉትን ስድስት ዲግሪዎች ፍለጋ ላይ ነበር።) መላ ምቱ ጎረፈ። መብራቱ ኃይል የለውም አለ አንዱ። የቧንቧ ውሃ ስለሆነ ነው፣ ክሎሪን አለበት አለች ሌላዋ፤ ቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለ ክሎሪን ግን መፍያውን ስድስት ዲግሪ ሊያወርደው አይችልም። በመጨረሻ መምህሩ ቴርሞሜትሩን አወጣ፣ በጋውኑ ጠረገው፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ መረመረውና ፍርዱን ሰጠ።

«የቻይና ነው።»

ሁሉም ተነፈሰ። ደብተር ወጣ። ምልከታ፦ ውሃው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፈላ።

አንዲት ልጅ ብቻ 94 ብላ ጻፈች። ደብተሯን አይቼዋለሁ። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ገብቶበታል፤ ከኤክሱ አጠገብ ደግሞ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «በትኩረት ተመልከቺ» የሚል ማሳሰቢያ አለ።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ላይ የሚጫነን አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ላይ ከሚጫነው 18 በመቶ ያህል ያንሳል። ውሃ ለመፍላት አየሩን ማሸነፍ ስላለበት፣ አየሩ ሲሳሳ ቶሎ ያሸንፋል። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ግድም ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በ92፤ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ምድጃ ይዞ ለሚወጣ ሰው በ85። የመቶዋ ነገር «በባሕር ወለል ከፍታ» የምትል ቅድመ ሁኔታ ነበረቻት። ከሳይንስ ወደ ደብተር ስትሻገር መንገድ ላይ ወደቀች። ስለዚህ የኢትዮጵያ ተማሪ መቶ ዲግሪን በዓይኑ ለማየት የባሕር በር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ያ እስኪሳካ ዳሎል መውረድ ይችላል፤ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል እዚያ ውሃ ከመቶ ጥቂት አልፎ ይፈላል፤ ለመፍላቱማ ሰውም ይፈላል።

ውሃው ልክ ነበር። ቴርሞሜትሩም ልክ ነበር። የቻይናው ፋብሪካ ያለ ኃጢአቱ ታማ።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ብትወርዱ ያው ተማሪ ዩኒፎርሙን ቀይሮ አሳ ሲያርድ ታገኙታላችሁ። ቆሮሶውን በጭራው ይይዛል፣ ቅርፊቱን በሁለት ምት ያራግፋል፣ ሆዱን ከታች ወደ ላይ ይሰነጥቀዋል። አንጀቱን ለአባ ኮዳ ይወረውራል፤ አባ ኮዳም ጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት እያወዛወዘ ከአየር ላይ ይቀልባል። ከአሳው ሆድ የምትወጣዋን ነጭ ፊኛ ልጁ በአውራ ጣቱ ያፈነዳታል፤ ለጨዋታ። አሳው ጥልቀቱን ሳይለፋ የሚጠብቀው በዚያች ፊኛ ነው። ገዢ መጥቶ «ትኩስ ነው?» ሲለው ደግሞ የጉንጩን ክዳን ብድግ አድርጎ ስንጥቡን ያሳየዋል፤ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው፤ ከገረጣ የትናንት ነው። አንድ ቀን የመጣው ገዢ የራሱ ሳይንስ አስተማሪ ነበር። ልጁ ስንጥቡን ገልጦ «ይዩት ቲቸር፣ ደም ነው» አለው። መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ረካ፣ ከፈለ፣ በፌስታል ይዞ ሄደ። በማግስቱ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አሳ ሳለ፤ የተረገጠ ጫማ የሚመስል አሳ ነው። ያ ልጅ ጫማውን ወደ ደብተሩ ገለበጠ። ስንጥቡን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ከጎኑ ካለው ልጅ ኮረጀ።

ወጥ ቤቱም እንዲሁ ነው። የአልጫ ወጥ ነጠላ ላይ የፈሰሰባት ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር አለ፤ ቢጫው ቦታ ሳሙና ሲነካው ደም ይመስል ይቀላል። ደንግጣ ታጥባለች፣ በሎሚ ታሸዋለች፣ ወደ ቢጫ ይመለሳል። እርድ አሲድና ቤዝን የሚለይ ጠቋሚ ቀለም ነው፤ ልብስ ሳሙና ቤዝ ነው፤ ሎሚ አሲድ ነው። ልጇ ክፍል ውስጥ ሊትመስ ወረቀት ከውጭ ስላልመጣ ምዕራፉ በቃል ታልፏል።

ልብስ ከታጠበ አይቀር፣ ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን ማንሣት አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከነሱ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ትል ተሸካሚ ነው። ቢልሃርዚያ ደግሞ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያሉ አሳ አስጋሪዎችና ልጆች የሚያውቁት በሽታ ነው። እንዶዱ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በሙከራ አረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኘ። እንግዲህ ለዘመናት ስንቱ ሰው በዚያ ውሃ ዳር አልፏል፤ ስንቱስ ቀንድ አውጣ ሞቷል። እኔ የምፈራው አክሊሉ ያን ቀን የእኛን የ7ኛ ክፍል ደብተር ይዞ ቢሆን ኖሮ «ምልከታ፦ ልብሱ ነጣ» ብሎ ይጽፍ ነበር ብዬ ነው።

እነዚህን ሁሉ ማድረግ የጀመረች አንዲት መምህርት አውቃለሁ። ፑሚስ በባልዲ ታመጣለች፣ እርድና ሳሙና ከቤት ይዛችሁ ኑ ትላለች፣ ውሃ ታፈላና ልጆቹ ያዩትን ቁጥር እንዲጽፉ ትተዋቸዋለች። ምስጋና ይዘንብላታል ብላችሁ ከጠበቃችሁ የወላጆች ስብሰባ ገብታችሁ አታውቁም። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ እናት እርዷ ማለቁን አስታወቀች፤ በዚህ የኑሮ ውድነት። ሁለተኛው አባት የልጁ ሸሚዝ መቅላቱን ተናገረ። ሦስተኛው «ልጆቻችንን የላክነው ሊማሩ ነው ወይስ ውሃ ሊጫወቱ?» አለና ተጨበጨበለት። ከዚያ ዋናው ክስ መጣ። ሚኒስትሪ ሲፈተኑ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል» የሚል ጥያቄ ቢመጣ፣ ምርጫዎቹ ውስጥ 94 የለም፤ ልጆቻችን ምን ሊያጠቁሩ ነው?

መምህርቷ ከፍታውን፣ አየሩን፣ ግፊቱን አስረዳች። አዳራሹ በጥርጣሬ አያት። ያኔ ከኋላ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ሥራቸው ቡና መቅመስ ነው፤ የሲዳማ ቡና ሳይላክ በፊት በሲኒ በሲኒ ቀምሰው ደረጃ ይሰጣሉ።

«የመምህርቷ ነገር ልክ ነው» አሉ። «እኛ ቡናው ላይ የምናፈሰው ውሃ 93 ዲግሪ መሆን አለበት፤ የዓለም መለኪያው ነው። ፈረንጆቹ አገራቸው ላይ ውሃ አፍልተው እስኪበርድ ቆመው ይጠብቃሉ። እኛ ሐዋሳ ላይ መጠበቅ የለብንም፤ እንደፈላ ብናፈሰው ልክ ይመጣል። ሃያ ዓመት ለክቼዋለሁ።»

መምህርቷ ፊቷ በራ። ሰውዬው ግን አልጨረሱም።

«ቢሆንም ያ የሥራ ነው። ፈተና ሌላ ነው። የእኔ ልጅ መቶ ትጻፍልኝ።»

ጭብጨባው ከቅድሙ ባሰ። ርእሰ መምህሩ አስተያየቱ ገንቢ እንደሆነ ገልጸው ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ ስብሰባውም ወደ ሁለተኛው አጀንዳ፣ ወደ ዩኒፎርሙ ሹራብ ተሻገረ። አቅራቢው ናሙና ይዞ መጥቷል፤ ቀለሙ እንደማይለቅ የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለው ወረቀትም አሳይቷል። ወረቀቱን ዞር ብሎ ያየው የለም። ሹራቡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ወደ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ አየው። አንዱ ክሩን መዝዞ በክብሪት አቃጠለና አሸተተው፤ «ናይለን ነው» አለ። ያቺ እርዷ ያለቀባት እናት ደግሞ ጠርዙን በሃይላንድ ውሃ አርሳ ነጭ ሶፍት ላይ አጥብቃ አሸችውና ሶፍቱን ከፍ አድርጋ ለአዳራሹ አሳየች። ሶፍቱ ሰማያዊ ሆኗል።

«ኧረ ወንድም» አለችው አቅራቢውን፣ «ዓይን የለንም መሰለህ?»